አንባቢ በየትኛው ፊደል ይፈልገናል?

ጎንደር ፒያሳ ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ንቦች የጻፉትን አንብቤው ነበር፤ አሁን ለክፍል ሥራ ፈልጌ ግን አጣሁት። ይልኩልኝ ይሆን?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ እዚያው ስልኬን አውጥቼ መፈለግ ጀመርኩ። ይህን የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ከወራሪ አዳኑ ስለሚባሉት ንቦች የጻፍኩት የወጣው በፌስቡክ ገጼ ላይ ነበር። ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር የመልካም በዓል ምኞቱ፣ የኀዘን መግለጫው፣ የሠርግ ፎቶው እየተከታተለ መጣ እንጂ እሱ ራሱ አልተገኘም። ልጅቷ ክፍል ነበረባትና ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ ሄደች። ማታ ቤቴ ገብቼ በብዙ ፍለጋ አገኘሁትና ላክሁላት፤ ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፣ ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ያ ጽሑፍ በወጣ ሰሞን ብዙ ሰው አንብቦታል፣ አጋርቶታል፣ አስተያየት ጽፎበታል። ለመጻፍም ቀላል አልነበረም፤ ካህናትን ጠይቄ፣ መጻሕፍት አገላብጬ፣ ትውፊቱን ከታሪኩ ለይቼ ያዘጋጀሁት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እየተባልን ያደግን ሰዎች ስለሆንን፣ አንድ ነገር ከተጻፈ ተቀመጠ ብለን እናምናለን። ይህ ግን ተጽፎም ሊወረስ አልቻለም። የሚያስፈልጋት ሰው፣ በሚያስፈልጋት ቀን፣ መኖሩን እያወቀች አላገኘችውም። መኖሩን የማያውቅ ሰውማ ከየት አምጥቶ ያገኘዋል?

ማኅበራዊ ሚዲያ የተሠራው ለዛሬ ነው። ትናንት የተጻፈው ዛሬ በተጻፈው ይሸፈናል፤ ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነውም የመድረኩ ባለቤት እንጂ ጸሐፊው አይደለም። በቅዳሜ ገበያ ግርግር መካከል ቆሞ ታሪክ እንደ መተረክ ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚሰማ ሰው ሞልቷል፣ በማግስቱ ተመልሶ የመጣ ግን የተባለውን የሚነግረው አያገኝም። የቴሌግራም ቻናልም ለአባላቱ ጥሩ መገናኛ ይሁን እንጂ፣ ቻናሉን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው በቀላሉ አይደርስበትም። ከዚህም በላይ መድረኩ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ጂኦሲቲስ የሚባለው አገልግሎት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የግል ገጻቸውን ያኖሩበት ነበር፤ ባለቤቱ ያሁ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋው በጎ ፈቃደኞች ተረባርበው ቀድተው ያተረፉት ባይኖር ኖሮ የዚያ ሁሉ ሰው ድካም እንዳልነበረ በሆነ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት ለጌጥ ብቻ የተነገረ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ስለ ጎንደር በራሴ ስም፣ በራሴ ድረ ገጽ ለመጻፍ የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በራስ ስም መቆም

የራስን ድረ ገጽ ለማቆም የሚያስፈልገው ነገር ሰዎች እንደሚፈሩት የበዛ አይደለም። በቅድሚያ ስም ያስፈልጋል፤ ዶሜይን የሚባለው ይህ አድራሻ በዓመታዊ ክፍያ የሚያዝ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊመዘገብ ይችላል። ጽሑፉና ፎቶው ደግሞ ሰርቨር በሚባል፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለበት፤ ይህን ቦታ ማከራየት ነው ሆስቲንግ የሚሉት። ከዚያ በኋላ ገጾቹን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ይመረጣል። እኔ የመረጥኩት ዎርድፕረስን ነው። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ፣ ማንም በነጻ ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በእሱ ነው። ለእኔ ዋናው ነገር ግን ብዛቱ አልነበረም። ቦታ ያከራየኝ ድርጅት ዋጋ ቢጨምርብኝ ወይም ሥራውን ቢያቆም፣ ፋይሎቼንና ጽሑፉ የሚከማችበትን ዳታቤዜን ይዤ ወደ ሌላ መሄድ እችላለሁ፤ አንባቢውም አድራሻው ሳይለወጥበት፣ የቀድሞው ሊንክ ሳይበጠስበት ያገኘኛል። ይህን ነጻነት የሚሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ አላውቅም።

ክፍያው እኛ አገር ላለ ሰው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አብዛኞቹ ሻጮች የሚቀበሉት በዶላር የሚከፍል ካርድ በመሆኑ፣ ብሩ ኖሮም መግዛት አይቻልም። ለእኔ ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ከፈለልኝ። በዚህ መንገድ ለሚገቡ ሁሉ አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ፤ ገንዘቡን ማንም ይክፈል፣ አድራሻው መመዝገብ ያለበት በባለቤቱ ስምና በባለቤቱ ኢሜይል ነው። የእድሳት ማሳሰቢያው ወደ ዘመድ ኢሜይል ሲላክ፣ ዘመድም ሳያየው ቀኑ ሲያልፍ፣ ለዓመታት የተለፋበትን ስም ሌላ ሰው ሊመዘግበው ይችላል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ሌሎች ብዙም የማይገጥማቸው ሥራ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ኮምፒውተር የሚያውቀው ወጥ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየቢሮው የሚጻፈው አማርኛ የሚጻፈው በልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች ስለነበረ፣ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል፤ እንደ ጎግል ያለ የፍለጋ ሞተርም አማርኛ መሆኑን አያውቀውም። እጄ ላይ የነበሩት የቆዩ ጽሑፎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ስለነበሩ፣ ከፊሉን በመቀየሪያ ፕሮግራም፣ ከፊሉን እንደገና በመጻፍ ወደ ዩኒኮድ አመጣኋቸው። ዳታቤዙም ከመጀመሪያው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ለላቲን ፊደል ብቻ በተዘጋጀ ዳታቤዝ ውስጥ የገባ አማርኛ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀመጣል፣ አንዴ እንዲያ ከተቀመጠ በኋላ ዋናው ፊደል አይመለስም። በአንባቢውና በድረ ገጹ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያመሰጥረውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ ይሰጣል። የገጹ መልክና ሜኑው በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ስለሆነ በእሱ ላይ አልቆይም።

ቁጥሩ እና ሰዉ

ጣቢያው፣ ማለትም ድረ ገጹ፣ ለሕዝብ የተከፈተው ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ነበር። በዚያ ወቅት ስለ ጎንደር የሚጻፍ ነገር አንባቢ አያጣም። ስለ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የጻፍኩትን የሚያውቁኝ ሰዎች በየቴሌግራም ግሩፑ አጋሩትና የጎብኚው ቁጥር በአንድ ሌሊት ወደ ላይ ወጣ፤ ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ተመልሰው ከተማው ሲረጋጋ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ወረደ። ከመጡት ውስጥ አብዛኞቹ የከፈቱት ያንኑ አንድ ገጽ ነበር። ፎቶውን አይተው ሄደዋል። በዚህ አልተከፋሁም፤ በዓሉን ለማየት የመጣ እንግዳ በዓሉ ሲያልቅ መሄዱ የታወቀ ነው። ግን ድረ ገጹን ያቆምኩት ለዚህ እንዳልሆነም አውቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለጣቢያህ ጎብኚ እንሸጥልህ የሚሉ መልእክቶች ይደርሱኝ ጀመር። ለዚህን ያህል ብር ይህን ያህል ሺህ ጎብኚ እናመጣለን ይላሉ። የሚያመጡት ሰው አይደለም፤ ገጹን ከፍቶ የሚዘጋ ፕሮግራም ነው። ሳይከፈልም ቢሆን በማንኛውም ሰርቨር መዝገብ ላይ ከሚታየው እንቅስቃሴ ብዙው የእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ነው፤ አንዳንዱ የፍለጋ ሞተር መልእክተኛ ነው፣ ሌላው የመግቢያውን በር በግምት ፓስወርድ የሚሞክር ሌባ ነው። ስለዚህ ቁጥርን ብቻ አይቶ መደሰት አይገባም። ሊንክ እንሸጥልህ የሚሉም አሉ፤ ይህ ደግሞ በጎግል ደንብ የተከለከለ ስለሆነ የገዛውን ሰው ከፍለጋ ውጤት እስከ ማስወጣት ይደርሳል። በጎግል የተለመደው የፍለጋ ውጤት ውስጥ ከፍ ብሎ ለመታየት የሚከፈል ክፍያ የለም። ብዙ ወጣቶች በዚህ ጉዳይ ገንዘባቸው ሲበላባቸው ስላየሁ፣ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

እኔ የምፈልገው ጎብኚ ያቺን ተማሪ የመሰለ ሰው ነው፤ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ፣ መልሱን አግኝቶ የሚሄድ፣ ሌላ ቀን ሌላ ጥያቄ ሲያድርበት የሚመለስ። እንዲህ ያለው ሰው የሚመጣው በፍለጋ ነው። ጎግል ሰርች ኮንሶል የሚባለው ነጻ መሣሪያ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ጣቢያው እንደታያቸው፣ ስንቱ ከፍቶ እንደገባ፣ በስንተኛ ደረጃ እንደቀረበ ያሳያል። ማን እንደጠየቀ አይናገርም፤ እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ የጠየቁትንም የሰዎችን ግላዊነት ለመጠበቅ ይደብቃል። ሰዎቹ የጻፉት «ጎንደርን ለማየት ስንት ቀን ይበቃል»፣ «ከጎንደር ደባርቅ ስንት ኪሎ ሜትር ነው»፣ «ጥምቀት ዘንድሮ በፈረንጅ ስንት ቀን ነው» የሚል ነበር። የመጨረሻው ጥያቄ እኔ ልጽፍበት ፈጽሞ አስቤው የማላውቅ ነው። እዚህ ለምንኖር ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ አለቀ። ውጭ አገር ሆኖ ፈቃድ ለሚጠይቅና ትኬት ለሚቆርጥ ሰው ግን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 መሆኑን፣ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 20 መሆኑን ማወቅ የጉዞውን ዕድል የሚወስን ነገር ነው። ይህን በአጭሩ ጻፍኩት፤ በየዓመቱ ከገና በፊት ጀምሮ ከሁሉ በላይ የሚነበበው ገጽ ይህ ሆነ።

«ምንም አልተገኘም»

አስተሳሰቤን ከሥሩ የለወጠው ግን ከጎግል የመጣው ዝርዝር አይደለም። በጣቢያው ላይ የራሱ የመፈለጊያ ሳጥን አለ። ጣቢያው የራሴ በመሆኑ፣ በዚያ ሳጥን የሚጻፉትን ቃላትና ለእያንዳንዳቸው ስንት ውጤት እንደወጣ፣ የጸሐፊውን ማንነት ሳይጨምር የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ጨምሬበት ነበር። በዐቢይ ጾም አንድ ማታ መዝገቡን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ።

«የስላሴ ጣሪያ» ይላል፤ ውጤት፦ 0። «አጼ ፋሲል» ይላል፤ ውጤት፦ 0። «ቁስቁዋም» ይላል፤ ውጤት፦ 0። በመጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መሰለኝ፤ በሦስቱም፣ በሥላሴ ጣሪያ፣ በዐፄ ፋሲልና በቁስቋም ደብር ላይ ረጃጅም ገጾች አሉኝና። ከዚያ ወደ ታች ስወርድ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ተከታትለው የተጻፉ ፍለጋዎች አየሁ። «ስላሴ ስእል»፤ 0። «ሥላሴ ስእል»፤ 0። «ስላሴ ሥዕል»፤ 0። ከዚያ በኋላ የለም። ሰውዬው፣ ወይም ሴትዮዋ፣ ትተው ሄደዋል።

ለረጅም ጊዜ እነዚያን መስመሮች እያየሁ ተቀመጥኩ። እኔ ገጹ ላይ የጻፍኩት «ሥላሴ» ብዬ፣ «ሥዕል» ብዬ ነው። ዎርድፕረስ የተጻፈለትን ቃል ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳስለው፤ ሰ እና ሠ ለእሱ ሁለት የማይገናኙ ፊደላት ናቸው፣ አ እና ዐም እንደዚያው። ከተጻፉት ቃላት አንዱ ካልተገኘ ደግሞ ገጹን ጨርሶ አያመጣውም። ያ ሰው በእያንዳንዱ ሙከራ ፊደል እየለወጠ ወደ ገጹ እየቀረበ መጥቷል፤ ሁለቱንም ቃላት እንደኔ የሚጽፍባት ሙከራ ብቻ ነበረች የቀረችው። ድረ ገጹን ያውቃል፣ ጣቢያው ውስጥ ገብቷል፣ የሚፈልገው ጽሑፍ አለ፣ እሱም አጥብቆ ፈልጎታል፤ የተሰጠው መልስ «ምንም አልተገኘም» የሚል ነው። በፌስቡክ የጠፋው ጽሑፍ በብዙ ሰው ጽሑፍ ተሸፍኖ ነው። ይህ ግን ማንም ሳይሸፍነው፣ በራሴው ጣቢያ፣ ከፈላጊው አንድ ፊደል ርቆ ጠፋ።

ያን ማታ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራከርኩ። ጎንደር የትርጓሜና የአቋቋም ከተማ ናት፤ ሥላሴ በንጉሡ ሠ፣ ፀሐይ በሐመሩ ሐ እንደሚጻፍ ከልጅነቴ የተማርኩት ከቅኔ ቤት በወጡ መምህራን ነው። ይህን ጠብቆ መጻፍ ለእኔ የጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ የግዕዙን ሥር የሚያሳይ ምልክት ነውና ለአንባቢ ምቾት ተብሎ እንዲጣል አልፈልግም። በሌላ በኩል «ስላሴ» ብሎ የጻፈው ሰው አላዋቂ ነው ልል አልችልም። በስልክ ሰሌዳ ላይ ሰ በቀላሉ ይገኛል፣ ሠን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ መንካት ያስፈልጋል፤ በእግሩ እየሄደ፣ ከታክሲ እየወረደ የሚፈልግ ሰው የቀረበውን ይነካል። «ዐፄ» የሚለው ቃል ብቻ መነሻው በአ፣ በኣ፣ በዐ እና በዓ፣ መድረሻው በፄ እና በጼ ሊጻፍ ስለሚችል 8 መልክ ይኖረዋል። ከእነዚህ ውስጥ እኔ የመረጥኩትን አንዱን ያልጻፈ ሁሉ ገጹን ማጣት አለበት ወይ? ጥያቄውን በዚህ መልክ ሳስቀምጠው መልሱ ግልጽ ሆነልኝ። ሥርዓተ ጽሕፈቱን የምጠብቀው እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ አንባቢው ሊፈተንበት አይገባም።

አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ረዳኝና ነገሩን አስተካከልነው። የእያንዳንዱ ገጽ ጽሑፍ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ ይኖረዋል። በዚያ ቅጂ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዝርያቸው ይለወጣሉ፤ ጐ ወደ ጎ፣ ቊ ወደ ቁ፣ ቁዋ ወደ ቋ ይገባሉ፤ ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አም አንድ ይሆናሉ። ፈላጊው የጻፈውም ቃል በዚያው መንገድ ተለውጦ ከቅጂው ጋር ይመሳሰላል። አንባቢው የሚያየው ዋናውን ጽሑፍ፣ በዋናው ፊደል ነው። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ለአማርኛ ድረ ገጽ ግን ከማንኛውም የሚያብረቀርቅ መልክ ይልቅ ይህ እንደሚቀድም በሙሉ ልቤ እናገራለሁ።

ከጣቢያው ውጭ፣ በጎግል ላይ፣ እንዲህ ማድረግ አይቻልም። አንዳንዶች የቃሉን መልክ ሁሉ በገጹ ኮድ ውስጥ ቁልፍ ቃላት በሚባለው ቦታ እንድደረድር መከሩኝ፤ ጎግል ግን ያንን ቦታ ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል። በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ጽፎ መደበቅ ደግሞ ማጭበርበር ነው፣ ጎግልም እንደዚያ ነው የሚቆጥረው። እኔ የማደርገው በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «ጎንደር፣ በቆየው አጻጻፍ ጐንደር» ብሎ በግልጽ ማስፈር ነው። አንባቢ ሳይጎረብጠው ያልፈዋል፣ በሁለቱም መንገድ የሚፈልገውም ያገኘዋል።

ርእስ ከማን አንጻር ይጻፋል?

ይህ ነገር ከፊደል አልፎ ወደ ርእስ ወሰደኝ። ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የጻፍኩት ገጽ ርእሱ «የሰማይ ዓይኖች» የሚል ነበር። ከላይ ሆነው ወደ ታች የሚመለከቱትን የኪሩቤል ፊቶች አይቶ የሚያውቅ ሰው ርእሱ ይገባዋል። ያላየ ሰው ግን «የሰማይ ዓይኖች» ብሎ አይፈልግም፤ «ጎንደር ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት ፊቶች ምንድን ናቸው» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ርእሱን ወደዚያ ለወጥኩት፣ ግጥማዊውን ሐረግም ጽሑፉ ውስጥ አኖርኩት። ከተማዋን በርእሱ ላይ መጥቀሱም የግድ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ብሎ የሚፈልግ ሰው በብዛት የሚደርሰው በሸዋ ወዳለችው ከተማ ነውና።

የንቦቹም ጽሑፍ እንዲሁ ተሻሻለ። ሰዎች የሚጠይቁት «እውነት ነው ወይ?» ብለው ነው። ቀድሞ ከፋሲለደስ ዘመን፣ ጎንደር ከተቆረቆረችበት ከ1628 ዓ.ም. ጀምሬ እየተረክሁ ነበር ወደ ጥያቄው የምደርሰው። አሁን ገጹ የሚጀምረው በመልሱ ነው፦ በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቷን ማቃጠላቸው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ከቃጠሎው መትረፉ ታሪክ ነው፤ የንብ መንጋ ወራሪውን ከቅጥሩ መለሰው የሚለው ደግሞ የደብሩ ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱት የኖሩት ትውፊት ነው። ሁለቱንም በየቦታቸው አክብሬ አስቀምጣቸዋለሁ። ዝርዝሩን የሚሻ ሰው ከዚያ በታች ያነባል። ንባብ በጀመረ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የመጣበትን ያላገኘ ሰው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ታጋሽ አይደለም ብዬ ልወቅሰው አይገባም፣ በራሱ ዳታ ነው የሚያነበው።

ስለ ሊንኩም አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ አማርኛ ጸሐፊዎች ሲቸገሩበት አይቻለሁና። ዎርድፕረስ የገጹን አድራሻ ከርእሱ ይሠራል። ርእሱ አማርኛ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱ ባይትም በአድራሻው ውስጥ በ3 ምልክት ስለሚጻፍ፣ ፊደሉ ወደ 9 ምልክት ይለወጣል፤ ለዚህ የአድራሻው ክፍል የተሰጠው ቦታ ደግሞ 200 ምልክት ነው። ከ22 ፊደል በላይ የሆነ ርእስ አድራሻው ተቆርጦ ይቀራል፣ በቴሌግራም ሲላክም ብዙ ጊዜ የመቶኛ ምልክትና የቁጥር ጋጋታ ሆኖ ስለሚታይ ሰው ለመንካት ይፈራዋል። እኔ አድራሻውን በአጭር የላቲን ፊደል እጽፈዋለሁ። አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ ለሚፈልገው ሰውም ተጨማሪ ፍንጭ ይሆነዋል።

ዳታ በሌለበት ወቅት

በክልላችን በአማራ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ጣቢያው አልጠፋም፤ ጽሑፎቼ የተቀመጡበት ሰርቨር አውሮፓ ስለሆነ ከአሜሪካም ከአዲስ አበባም ይከፈት ነበር። የማይከፍተው የጎንደር ሰው ነበር፣ እኔን ጨምሮ። የመስመር ኢንተርኔት ወዳለበት ቦታ ስደርስ የጎብኚዎችን ካርታ አየዋለሁ፤ ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ባሕር ዳር ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ስለ አንድ ከተማ የሚጻፍ ድረ ገጽ ያቺ ከተማ ሳታነበው ሲቀር የሚሰማው ነገር ከባድ ነው።

ያ ጊዜ ሁለት ልማዶችን ተከለብኝ። የመስመር ኢንተርኔት ወዳለበት ቦታ ስሄድ ጊዜው አጭር ስለነበር፣ ጽሑፉን ሁሉ ቤቴ በኮምፒውተሬ ላይ ጨርሼ፣ አርሜ፣ ፎቶውንም አዘጋጅቼ መሄድ ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ድሮ እዚያው ስልኬ ላይ ጽፌ ወዲያው ከማወጣው ይልቅ ይህ እጅግ የተሻለ ሥራ ሆነ። ሌላው ደግሞ የገጹ ክብደት ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል፤ እንዲሁ ከተለጠፈ ዳታ ሲመለስ በቁራጭ ፓኬጅ የሚያነበውን ሰው ገንዘቡን ይበላዋል። እያንዳንዱን ፎቶ ለስልክ በሚበቃ መጠን አሳንሼ፣ ዌብፒ በሚባለው ቀላል ዓይነት አስቀምጣለሁ፤ ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ከ5.8 እትሙ ጀምሮ ይህን ዓይነት ይቀበላል። የማያስፈልግ ጌጥ፣ የሚንቀሳቀስ ምስል፣ ብቻውን የሚከፈት ቪዲዮ ከጣቢያው አስወጣሁ። ገጹ በደካማ ኔትወርክ ጽሑፉን አስቀድሞ ያሳያል፣ ፎቶው ሲደርስ ይደርሳል። ፍጥነት በፍለጋ ደረጃ ላይም ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ፤ እኔ ግን ያደረግሁት ለጎንደር ሰፈሮች፣ ለአዘዞና ለማራኪ አንባቢ ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጣቢያውን ሙሉ ቅጂ በቋሚነት አወጣለሁ፤ አንዱ ቤቴ ባለ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ወንድሜ ዘንድ ይቀመጣል። ፓስወርዱንና የእድሳቱን ቀን ጽፌ ለባለቤቴ ሰጥቻታለሁ፤ እኔ ባልኖር ማን ጋ ደውላ ምን ማለት እንዳለባት ታውቃለች። በራስ ስም መቆም ማለት ይህንም ኃላፊነት መሸከም ነው።

የምጽፈውን የምመርጠው አሁን ከመፈለጊያ ሳጥኑ ነው። መልስ ያላገኙት ፍለጋዎች በየወሩ መጨረሻ ይወጡልኛል፤ አጻጻፉ ከተስተካከለ ወዲህ በዚያ ዝርዝር የሚቀሩት በእውነት ያልጻፍኩባቸው ጉዳዮች ናቸው። በቅርቡ የበዛው ስለ ቁስቋም ደብር በጻፍኩት ገጽ ውስጥ ያልነካሁት ጉዳይ ነው፤ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም እዚያ ስለመኖሩ የሚነገረውን የሰሙ ሰዎች፣ ለጎብኚ ይታያል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ከወንበሬ ላይ ሆኜ አልመልሰውም። በመጪው ሳምንት ወደ ደብሩ ወጥቼ አገልጋዮቹን እጠይቃለሁ፣ የመግቢያውን ሰዓትና የሚፈቀደውን ነገር በዓይኔ አይቼ እመዘግባለሁ። ገጹ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይወጣል፤ ምንትዋብም፣ ምንተዋብም ብሎ የጻፈ እንዲያገኘው አድርጌ አዘጋጀዋለሁ።